ሣጥን ለመደበቅ ቢቸና ለሚሄድ ቤተሰብ

ልጆችዎ ዓይናቸውን ከስልክ አልነቅል ብለው ካስቸገሩዎት መድኃኒት አለው፤ ስልኩን እንደያዙ ሜዳ ማውጣት ነው። ጨዋታው ጂኦካሺንግ ይባላል። አንድ ሰው ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ጥቃቅን ነገሮችና የስም መመዝገቢያ ደብተር ከትቶ አንድ ቦታ ይደብቃል፤ የቦታውን ቁጥር ለዓለም ያስታውቃል፤ ሌላው በሳተላይት እየተመራ ሄዶ ይፈልገዋል። ያገኘ ሰው ስሙንና ቀኑን ይጽፋል፤ ከውስጡ አንድ ነገር ከወሰደ በዋጋ የሚተካከለውን ወይም የሚበልጠውን ያስቀምጣል፤ ዕቃውንም ወደ ነበረበት መልሶ ይሄዳል። ዞሮ ዞሮ በልጅነታችን «ኩኩሉ!»፣ «አልነጋም!» እየተባባልን ከጎተራ ጀርባ የተጋደምንለት ድብብቆሽ ነው። የሚደበቀው የፕላስቲክ ዕቃ ስለሆነ ግን ሣቅ አምልጦት ራሱን አያጋልጥም።

ታሪኩን መንገድ ላይ ለልጆች ያጫውቷቸው። አሜሪካኖች ለሲቪሉ በሚለቁት የጂፒኤስ ምልክት ላይ ሆን ብለው ስሕተት ይጨምሩበት ነበር፤ መሣሪያው እስከ መቶ ሜትር ድረስ ይዋሽ ነበር። ይህ ውሸት በፕሬዚዳንት ክሊንተን ዘመን፣ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 24 ቀን 1992 ዓ.ም. ተነሣ። በማግስቱ ዴቭ አልመር የተባለ የኮምፒዩተር ባለሙያ ኦሪገን በሚባለው ግዛት አንድ ባልዲ እስከ ወገቡ ቀብሮ ቁጥሩን አወጀ። ባልዲው ውስጥ መጻሕፍት፣ ቪዲዮ፣ ጥቂት ገንዘብ፣ አንድ ጣሳ ባቄላና አንድ ወንጭፍ ነበሩበት። ዛሬ በዓለም ላይ ከ3 ሚሊዮን በላይ እንዲህ ያሉ ዕቃዎች ተደብቀዋል። የባቄላውን ነገር ሲያነሡ ቢቸና ዙሪያ ያደገ ዘመድ አጠገብዎ ካለ ይጠንቀቁ። እረኛ ሁሉ ባቄላውን በኪሱ፣ ወንጭፉን ባንገቱ አድርጎ በሚውልበት አገር ለዚህ ውቅያኖስ ማዶ ባልዲ መቀበሩ ግራ ያጋባል።

የጎጃሟ ቢቸና በሰሜን 10 ዲግሪ ከ27 ደቂቃ፣ በምሥራቅ 38 ዲግሪ ከ12 ደቂቃ ላይ ትገኛለች። ሞጣ ደግሞ 11 ዲግሪ ከ5 ደቂቃ ሰሜን፣ 37 ዲግሪ ከ52 ደቂቃ ምሥራቅ ናት። ሁለቱም 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጡ ደጋዎች ናቸው። በአሞራ መንገድ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ፤ በደብረ ወርቅና በግንደ ወይን ዞሮ ለሚሄድ አውቶቡስ ግን አሞራ ምሳሌ አይሆነውም። ይህን ቁጥር በቃልዎ ይያዙት፤ ለአገሬው ሰው ግን አይንገሩ። እኔ ነግሬ አይቻለሁ። አንድ ባለ በቅሎ ሽማግሌ አስቁሜ፣ «አባባ፣ 10 ዲግሪ ከ27 ደቂቃ በየት በኩል ነው?» ብላቸው ልጓሙን ሳብ አድርገው ትንሽ አሰቡ።

«የእኔ ልጅ አንድ ዲግሪ ይዞ ሥራ አጥቶ ቤት ተቀምጧል። አሥር ዲግሪ ያለው ሰው እኛ ዘንድ ምን ይሠራል?»

«ሰው አይደለም አባባ፤ ቦታ ነው።»

«27 ደቂቃውስ? በእግር ነው በበቅሎ?»

«ከሳተላይት ነው።»

«እሱ ከደጀን ወዲህ ነው ወዲያ?»

ለልጆችዎ ግን የደቂቃውን ነገር በሚገባ ያስረዱ። በዚህ ጨዋታ አንዲት ደቂቃ ወደ 1.85 ኪሎ ሜትር ትሆናለች። አንዷን አሳስተው ከጻፉ ሌላ ሰው ጓሮ ገብተው፣ በሌላ ሰው ውሻ ተባርረው፣ ምናልባትም በሌላ ሰው ሠርግ ላይ ታድመው ይመለሳሉ።

አሁን ወደ ስንቅና ትጥቅ። የውጭዎቹ መመሪያዎች ውሃ፣ ኮፍያና ምቹ ጫማ ያዙ ይላሉ። እርስዎ በቅድሚያ ደብዳቤ ይያዙ። «ለሚመለከተው ሁሉ» ተብሎ ይጀምራል፤ «ግለሰቡ ከነቤተሰባቸው ለመዝናናት ሲሉ ሣጥን የሚደብቁ ስለሆነ አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግላቸው እንጠይቃለን» ብሎ ያበቃል። ክብ ማህተምና ቲተር ሊኖረው ይገባል። ደብዳቤውን የጻፈልኝ ጸሐፊ «ሣጥኑ ውስጥ ምን አለ?» አለኝ፤ «ማበጠሪያና እስክሪብቶ» አልኩት፤ «ታዲያ ለምን ይደበቃል?» አለኝ፤ መልስ አልነበረኝም። ማህተሙን ግን አደረገልኝ። አንዱን ቅጂ ከሣጥኑ ውስጥ ማስቀመጤ በኋላ ያስከተለውን ስለማነሣው እዚህ ላይ አልቸኩልም።

የዕቃው ምርጫ የጨዋታው ግማሽ ነው። በአሜሪካ የተመሰገነው የጥይት ሣጥን ነው፤ ውሃ አያስገባም፣ ከአንድ ሰው ዕድሜ በላይ ይቆያል ይባልለታል። ይባልለት። እርስዎ ጎጃም ውስጥ መንገድ ዳር የጥይት ሣጥን እየቀበሩ ዞር ዞር ብለው ማንም እንዳላየዎት አያረጋግጡ። ባዶ የውሃ ኮዳም አይሆንም፤ ገና ውሃውን ጠጥተው ሳይጨርሱ «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» የሚል የሕፃናት ጦር ከኋላዎ ይሰለፋል። ምሳ ዕቃ ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን በአገራችን ክዳኑ የሚገጥም ዕቃ ራሱ ሀብት ነው። ውስጡ ያለው ዋጋ የለውም፤ ጨው የሚቀመጥበት፣ በርበሬ የሚቋጠርበት ያጣች እናት የእርስዎን ሣጥን ብታገኝ ማበጠሪያውን አውጥታ እዚያው ትታልዎ ትሄዳለች። ስለዚህ ከሥሩ በትንሹ የተሰነጠቀ፣ ለጨውም ለዘይትም የማይሆን፣ ክዳኑ ብቻ ደኅና የሆነ ይፈልጉ።

ምግብ ማስቀመጥ ክልክል ነው፤ አውሬ ይስባል። ይህን ሕግ ለባለቤቴ ሳነብላት «ሰው ያን ያህል መንገድ ደክሞ መጥቶ ባዶ ዕቃ ላቀርብለት ነው?» ብላ ዳቦ ቆሎ ሞላችበት። ለአንድ ሰዓት ያህል ተከራከርን። ጅብ ዳቦ ቆሎ እንደማይወድ የገለጸችበት መንገድ አሳማኝ ነበር።

ዋናው ጥንቃቄ ስልኩን በእጅ ስለመያዝ ነው። ስልክዎን ከፊትዎ ዘርግተው፣ ሦስት እርምጃ ወደ ግራ፣ አምስት ወደ ቀኝ፣ ቆም፣ መለስ እያሉ በሰው ድንበር ላይ ሲንገዳገዱ ዕድሜ ጠገብ ሰው ካየዎት የሚያስታውሰው ሌባ ሻይን ነው። የሚጠጣ ነገር የተሰጠው ልጅ ወገቡ ታስሮ እየተወላገደ መንደር ለመንደር የሚሄድበትና ከገባበት ቤት ሌባው የሚያዝበት የድሮ ሥርዓት ነበር። ስለዚህ ከደጁ ላይ ድንገት ቆመው «አራት ሜትር ቀርቶኛል» የሚሉት ባለ ቤት ፊቱ ቢቀያየር አይፈረድበትም።

ሌባ ሻይ እንኳ ተረስቷል እንበል። መለካት ግን አልተረሳም። ጎጃም መለካት አይወድም። በ1960 ዓ.ም. መንግሥት የእርሻ ገቢ ግብር ሲያውጅና ገማቾች ሲልክ ገበሬው ይህ ቀላድ ሊጣል ነው፣ ርስት ሊሄድ ነው ብሎ ተነሣ፤ ቢቸናና ሞጣ አውራጃዎች የዐመፁ እምብርት ነበሩ። ጦር ተላከ፤ አልበቃም። መጨረሻ ላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቈ ሥላሴ ተነሡ፤ ንጉሠ ነገሥቱ የተጠራቀመውን ግብር ማሩ። በ1989 ዓ.ም. ደግሞ የመሬት ሽግሽግ መጣ፤ እንደገና ገመድ ተዘረጋ። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ አረንጓዴው ደብተር መጣ፤ መጀመሪያ በገመድ፣ ኋላም በጂፒኤስና በሳተላይት ፎቶ ተለካ። ስለዚህ ጂፒኤስ ምን እንደሆነ ለቢቸና ገበሬ አስረዳለሁ ብለው አይድከሙ፤ ከልጆችዎ ይልቅ እሱ ያውቀዋል። ለእኛ መጫወቻ የሆነው መሣሪያ ለእሱ ከጎረቤቱ ጋር ዓመት ሙሉ ፍርድ ቤት ያመላለሰው ነው። እኔን አውድማ ላይ ያገኘኝ አንድ ጎልማሳ መንሹን መሬት ላይ ተክሎ እንዲህ ጠየቀኝ፦

«ምን ልትለካ ነው ወንድምዓለም?»

«ኧረ ምንም አልለካም።»

«ታዲያ ጂፒኤስ ለምን ያዝኽ?»

«ሣጥን እየፈለግሁ ነው።»

«ማን የደበቀው?»

«እኔው።»

መንሹን ነቅሎ ወደ ጭዱ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ለልጆቼ በጣም ርኅሩኅ ሆነላቸው።

የት እንደሚደብቁ ልምከርዎ። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ አይሆንም፤ መቃብር አይሆንም፤ ጸበል አይሆንም፤ ትልቅ ዋርካ ሥር አይሆንም፣ ሰው የሚሰበሰበው እዚያ ነውና። ባሕር ዛፍ ሥር ካሰቡ «ከመንገዱ በስተ ቀኝ ሦስተኛው ባሕር ዛፍ» ብለው አይጻፉ፤ በዓመቱ ሦስተኛው ባሕር ዛፍ የአንድ ሰው ጣራ ተሸካሚ ሆኖ ያገኙታል። የድንጋይ ካብ ሥር ቆንጆ ነው፤ የተፋሰስ ሥራ ዘመቻ ጥር ላይ ከመጣ ግን ካቡ ፈርሶ ሌላ ቦታ ይሠራል። ክረምትን ፈጽሞ አያስቡ። የቢቸና ዙሪያ ዋልካ ዝናብ ሲጠጣ እግር ይይዛል እንጂ አያስረግጥም፤ ልጅዎን ብቻ ይዘው ተመልሰው ጫማውን ለመስከረም ይተውታል።

ሥነ ጽሑፍ የሚወድ ልጅ ካለዎት ከቢቸና ብዙ ወደማይርቀው ዲማ ጊዮርጊስ ይውሰዱት። ሐዲስ አለማየሁ የተማሩበት ደብር ነው፤ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥም የሰብለ ወንጌልን ቤት ያደረጉት ዲማ ላይ ነው። የአባቷ የፊታውራሪ መሸሻ ግቢ የት ነበር ብዬ ብጠይቅ ሁለት ሰዎች ሁለት የተለያየ ቦታ አሳዩኝ፤ ሁለቱም እርግጠኞች ነበሩ። በልብ ወለድ ያለ ቤት ሁለት ቦታ ሲገኝ፣ በሳተላይት የተመዘገበ ሣጥን አንድ ቦታም አለመገኘቱ ይደንቃል።

ስለ ጊዜ። መሣሪያው «400 ሜትር ቀርቷል» ካለ ሦስት ሰዓት ይያዙ። መሬቱ ከባድ ሆኖ አይደለም፤ በመካከል ሁለት ቤትና አንድ አውድማ ስላለ ነው። አውድማ አጠገብ «በረከቱን ያውርደው» ሳይሉ ማለፍ ነውር ነው፤ ካሉ ደግሞ ጠላ ሳይቀምሱ መሄድ ነውር ነው። የቤቶቹ ባለቤቶች እንዴት ከረማችሁ፣ ልጆች እንዴት ናቸው፣ አገሩ እንዴት ነው ብለው ሳይጨርሱ ፀሐይ ትዘቀዝቃለች። ብልኅ ቤተሰብ ረቡዕና ዓርብ ይሄዳል፤ በጾም ቀን ዶሮ ስለማይታረድልዎ በሽሮ ብቻ ተገላግለው በአንድ ሰዓት ተኩል መውጣት ይችላሉ።

ሌላው ጥብቅ ሕግ ሲደብቁም ሲያወጡም ማንም እንዳያይ ነው። ጨዋታውን የማያውቅ አላፊ አግዳሚ በፈረንጆቹ ቋንቋ «ማግል» ይባላል፤ ከሃሪ ፖተር የተወሰደ ነው። ከመግል ጋር ስለሚመሳሰል ልጆችዎ በሰው ፊት እንዳይጠሩት አደራ። እኛ በ2011 ዓ.ም. ጥር ላይ፣ ከአጎቴ ቤት በላይ ካለው ገደል ሥር ሰው የሌለበት ቦታ መረጥን። ግራ ቀኝ አየን፤ ጭር ብሏል። ሣጥኑን ከካብ ውስጥ ሸጎጥን፤ ድንጋይ መለስን፤ ሃምሳ እርምጃ ሳንሄድ ከላይ ጩኸት መጣ፦ «አያ! ዕቃ ጣላችሁ!» አንድ የዘጠኝ ዓመት እረኛ ሣጥኑን ታቅፎ እየሮጠ ደረሰብን። አመስግነን ተቀበልን፤ እሱ እስኪርቅ ጠብቀን ሌላ ቦታ ደበቅን። «አያ! ደገማችሁት!» በሦስተኛው ጊዜ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር መጣ፤ አሁን በጣም ነበር ያዘነልን። ትንሿ ልጄ ጨዋታውን አስረዳችው። በጥሞና ሰማ፤ ከዚያ «እናንተ አታውቁበትም፤ ልደብቅላችሁ?» አለ። ደበቀ። እውነቴን ነው የምልዎ፤ ስልኩ «ደርሰሃል» እያለ እኔ ድንጋይ ሁሉ ገልብጬ አላገኘሁትም። ጣልያን አምስት ዓመት ፈልጎ በላይ ዘለቀን ለምን እንዳልያዘ ያን ዕለት ገባኝ።

ምክሬ እንግዲህ ይህ ነው፤ ሳተላይት ካጡ ግዴለም፣ እረኛ እንዳያጡ።

በቢቸና ለተካኑ ደግሞ ሞጣ አለች። ፈረንጆቹ የመሬቱን አስቸጋሪነት ከ1 እስከ 5 ይመዝናሉ፤ ከሞጣ ወደ ዓባይ ሸለቆ ወርደው ሰባራ ድልድይ መድረስ፣ በይበልጥም ከዚያ መውጣት፣ ስድስት ይገባዋል። በዐፄ ፋሲል ዘመን የተሠራ የድንጋይ ድልድይ ነው፤ በጣልያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ ለአሠርት ዓመታት ጎጃምን ከጎንደር ለመሻገር የሚፈልግ ሰው ወገቡን በገመድ ታስሮ ከወዲያና ከወዲህ በቆሙ ጎረምሶች እየተሳበ በክፍተቱ ላይ ያልፍ ነበር። የዚህን ፎቶ ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት አወጣው። ኬን ፍራንትዝ የተባለ አሜሪካዊ የግንባታ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2001 ፎቶውን አይቶ ተነሣ፤ በዓመቱ መጥቶ ከአገሬው ጋር ክፍተቱን ገጠመው፤ ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የሚባለው ድርጅትም የተወለደው ከዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ዓባይ ሞልቶ ጥገናውን ጠራርጎ ወሰደው፤ በ2009 ደግሞ ከፍ ያለ የተንጠለጠለ ድልድይ ተሠራ። ፍራንትዝ ዲግሪም ደቂቃም ሳይዝ፣ በመጽሔት ፎቶ ብቻ ተመርቶ መጣ። የጨዋታውን ሕግ ደግሞ ያስተውሉ፦ አንድ ነገር የወሰደ የሚተካከለውን ወይም የሚበልጠውን ይተካል። ሰውዬው አንድ ፎቶ ወስዶ ድልድይ ነው የተካው። እርስዎ እዚያ ደርሰው እስክሪብቶ አስቀምጠው ሲመለሱ በሰው እንዳይታዩ የምልዎ ለዚህም ጭምር ነው።

አንድ ነገር ግን ያለ ቀልድ ልበል። ይህ የሰላም ጊዜ ምክር ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ አካባቢው ባለበት ሁኔታ የተዘጋ ሣጥን፣ ጂፒኤስና የማይታወቅ ሰው አንድ ላይ ጨዋታ አይሆኑም፤ የአገሬው ሰው ራሱ ከእርሻው እስከ ቤቱ ተጨንቆ በሚሄድበት ጊዜ ለመዝናናት ሣጥን መደበቅም አያምር። መንገዱ እስኪበጅ ልጆችዎን ዕንቆቅልሽ ያስተምሯቸው። ያልመለሰ ሰው «አገር ስጠኝ» ሲባል ሞጣን ሰጥቶ ይገላገላል፤ መኪናም ደብዳቤም አይጠይቅም።

የኛ ሣጥን እንዴት ሆነ? በዓመቱ ለጥምቀት ሄድን። እረኛው ቁመቱ ጨምሯል። ስልኩ ወደ ግራ ሲያሳየን እሱ ወደ ቀኝ ወሰደን፤ ስልኩ ካለው 340 ሜትር ርቀን ደረስን። ሣጥኑ ደኅና ነው። ዳቦ ቆሎው የለም። በማበጠሪያው ቦታ የተባረከ ሎሚ ተቀምጧል። ደብዳቤው፣ ከነማህተሙ፣ በላስቲክ ተጠቅልሏል። የስም መመዝገቢያ ደብተሩን ስከፍተው በማስመሪያ ሠንጠረዥ ተሠርቶበታል፦ ተራ ቁጥር፣ ሙሉ ስም፣ የቤተሰብ ብዛት፣ የመሬት ስፋት በቃዳ፣ የሚፈለግ ዩሪያ በኩንታል፣ ፊርማ፣ ምርመራ። 143 ሰው ተመዝግቧል። መፈረም ያልቻለ በጣቱ አትሟል።

አጎቴ አጠገቤ ቆመው «ሰው በጣም ተባብሯል፤ ወረፋውን የጠበቅነው በኮሚቴ ነው» አሉኝ። «ግን ክረምቱ ሳይገባ ይደርሳል?»

ቶሎ መልስ እንዳልሰጥ የመጨረሻውን ገጽ ገለጥኩ። በ143ኛው ተራ ላይ የዚያ የባለ በቅሎው ሽማግሌ ስም አለ። ዩሪያ አልጠየቁም። ምርመራ በሚለው ዓምድ ሥር ግን፣ ልጃቸው መሆን አለበት በደህና የእጅ ጽሑፍ የጻፈላቸው፣ እንዲህ የሚል ሰፍሯል፦ «የአመልካቹ ልጅ 1 ዲግሪ አለው። 10 የሚፈለግ ከሆነ ቀሪውን 9 ከየት እንደሚያሟላ ይገለጽልን።»